ጭልሞ ውስጥ የጠፋነው በጉና እኔ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በግ አስራችሁ ታውቃላችሁ? «ይሄ ደግሞ ምን ጥያቄ ነው!» ያላችሁ በሙሉ አስራችሁ አታውቁም። ያሰረ ሰው እንዲህ ቶሎ አይመልስም። መጀመሪያ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ቀጥሎ «የምን በግ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ ወሬ ይለውጣል። እኔም ዛሬ በግ ሲነሳ ወሬ ከሚለውጡት ወገን ነኝ። ያኔ ግን ጊንጪ ከተማ ጂኦግራፊ የማስተምር፣ የዓለምን ወንዞች ከነገባሮቻቸው በቃሌ የምጠራ፣ አፍሮዬን አበጥሬ ቤልቦተም ሱሪ የምለብስ ጎረምሳ ነበርኩ። በግ ማሰር የሚያቅተኝ ሰው መሆኔን ማን ነግሮኝ!

ነገሩ የጀመረው ግን በበግ አይደለም፤ በጫልቱ ነው።

ጫልቱ እዚያው እኛ ትምህርት ቤት ሂሳብ ታስተምር ነበር። የጌዶ ልጅ ናት። አባቷ ጌዶ ገበያ ላይ በግና ከብት የሚነግዱ ሰው ስለሆኑ፣ ልጅቷ ከማባዣ ሠንጠረዥ በፊት የበግ ጥርስ አይታ ዕድሜውን መናገር ነው የተማረችው። ረጋ ያለች፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። ሳቋ ግን ሌላ ነው። ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ይነሳና ግቢውን አቋርጦ እኔ የማስተምርበት ክፍል ይገባል። አንድ ቀን በዚያ ሳቅ የተነሳ ሚሲሲፒን ሱዳን ውስጥ አፍስሼው፣ ተማሪዎቼ ምንም ሳይጠረጥሩ ደብተራቸው ላይ ጽፈዋል።

እወዳት ነበር። አዎ፣ እወዳት ነበር፤ ምን ያሳፍራል? የሚያሳፍረውስ ይህን ለማንም አለመናገሬ ነው፤ ለራሷም ጭምር። ግን የት ልንገራት? ጊንጪ ያላት አንድ አውራ ጎዳና ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት በዚያ ጎዳና ላይ ጎን ለጎን ከተራመዱ፣ እነሱ መታጠፊያው ጋ ሳይደርሱ ወሬው አምቦ ይደርሳል። ሻይ ቤት እንዳልጋብዛት፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ ስኳር የሚያማስል ሰው ሁሉ ማማሰሉን አቁሞ ያዳምጣል። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ ፈተና የሚያርም አንድ ሰው አይጠፋም፤ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ፣ ጆሮው እኛ ላይ። እኔም ነገ እነግራታለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግራታለሁ ስል ክረምት አልፎ ክረምት መጣ።

ጥቅምት ሲገባ የጫልቱ ዝውውር መጣ። ካቺሲ ተመደበች።

ካቺሲን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ካርታ ላይ ከጊንጪ ብዙ አትርቅም፤ ጣቴን ትንሽ ወደ ሰሜን ባንቀሳቅስ እደርሳለሁ። በመኪና ግን ክረምት መንገዱ ጭቃ ነው፣ በጋ አቧራ ነው፣ መካከሉ ገደል ነው። መኪናውም የሚሄደው እህል ወይም ከብት የሚጭን ሲያገኝ ነው። ጫልቱ ሰኞ ጠዋት በሚወጣው ጭነት መኪና ልትሄድ ሆነ። ከሰኞ በፊት ካልነገርኳት እዚያ ሄዳ አፍ ያለው ሰው ያገባታል። አፍ ያለው ሰው ደግሞ የትም አይጠፋም።

በዚያ ዘመን ያለ ኮሚቴ የሚደረግ ነገር አልነበረምና፣ ለጫልቱ ሽኝትም ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ምክትል ርእሰ መምህራችን አቶ ተሰማ ነበሩ። አቶ ተሰማ ደግ ሰው ናቸው፤ አንድ አመል ብቻ አለባቸው፤ ሰው ሁለት ሆኖ ከቆመ ንግግር ያደርጋሉ። ሽኝት ስንል እስከዚያን ጊዜ የምናውቀው አንድ ክፍል ውስጥ ዴስኮቹን ገጥመን፣ ብስኩትና ለስላሳ ደርድረን፣ የአቶ ተሰማን ንግግር ሰምተን መበተንን ነው። እኔ ግን እጄን አወጣሁ።

«ጓዶች!» አልኩ። «ጭልሞን የሚያህል ደን አፍንጫችን ሥር ተቀምጦ ለምን ዴስክ ላይ እንታፈናለን? ንጹሕ አየር ለሠራተኛው ጤንነት ነው። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ጉሬዛው! እኔ ጭልሞን እንደ መዳፌ አውቀዋለሁ፤ እመራችኋለሁ።»

ጭልሞን የማውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነው፤ ያውም ከሩቁ። ሐሳቤ ግን ሌላ ነበር። ደን ውስጥ ዛፍ አለ፤ ከዛፍ ጀርባ ደግሞ ኮሚቴ የለም። አንድ ትልቅ ዝግባ ፈልጌ፣ ጫልቱን ከጀርባው ወስጄ፣ ያን አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ይበቃኛል። ከአንዲት ሴት ጋር ለደቂቃ ለብቻዬ ለመቆም አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ሰው ጭኜ ልወስድ ነው ማለት ነው። ያኔ ይህ ብልህነት መስሎኝ ነበር።

ሐሳቡ ተወደደ። ኮሚቴው ሁለት ሙክት ገዛ። ለምን ሁለት እንደሆነ ለአገሬ ሰው ማስረዳት አይገባኝም፤ አንዱ ክርስቲያኑ የሚያርደው፣ አንዱ ሙስሊሙ የሚያርደው። ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እየተሳሳቅን፣ እያንዳንዱ የየራሱን መብላት የኛ ወግ ነው። የሙስሊሙን በግ የሚያርዱት ጋሽ ሸምሱ ናቸው። ከስልጤ አገር ገና በወጣትነታቸው መጥተው ጊንጪ ሱቅ የከፈቱ፣ የወላጆች ኮሚቴ አባል፣ ኦሮምኛ ሲናገሩ የተወለዱበት የሚመስሉ ነጋዴ ናቸው። አሮጌዋን ጭነት መኪናቸውንም ለጉዞው የሰጡን እሳቸው ናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት መምህራኑ፣ ድስቱ፣ ሽንኩርቱ፣ ዳቦው፣ የአምቦ ውሃው ሳጥንና ሁለቱ በጎች አንድ ላይ ተጫንን። እኔ ለእንዲህ ያለው ቀን ይሆናል ብዬ ያስቀመጥኩትን ክሬም ቤልቦተምና የተወለወለ ጫማዬን አድርጌያለሁ፤ ክራቫትም አስሬያለሁ። ጫልቱ ከኔ ይልቅ በጎቹን ነበር የምታየው። ከሁለቱ አንዱ ቀይ ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ቦቃ ነው። አገጩን ይዛ ዓይኑን አየችውና፣

«ይሄኛው ነገረኛ ነው» አለች። «ጠበቅ አድርጎ የሚያስረው ሰው ያስፈልገዋል።»

«ለኔ ተዉት!» አልኩ፤ ከመኪናው ጫፍ እስከ ጫፍ በሚሰማ ድምፅ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ የአጎቴ ልጅ ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበር። ለእረፍት ሲመጣ መርከብ የሚታሰርበትን ቋጠሮ አስተምሮኛል። በእጅ ዞሮ፣ ታጥፎ፣ በውስጡ ሾልኮ የሚወጣ፣ ሲያዩት ጌጥ የመሰለ ቋጠሮ ነው። ጭልሞ ደርሰን ከዛፎቹ መካከል ያለች አንዲት ጠፍጣፋ ሣር ላይ እንደ ሰፈርን፣ ቦቃውን በዚህ ቋጠሮ ከአንድ የወይራ ዛፍ ጋር አሰርኩት። ጫልቱ ቆማ ታይ ነበር።

«ይሄ ምን ዓይነት አስተሳሰር ነው?» አለችኝ።

«መርከብ የሚያቆም ነው» አልኳት።

«እንዲህ በል!» አለችና ቅንድቧን ከፍ አድርጋ ሄደች። እኔ የአድናቆት መስሎኝ ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው መርከብ ዝም ብሎ ነው የሚቆመው። ቋጠሮውን በጥርሱ አይስብም፣ ዛፉን አይዞርም፣ ወደ ኋላ እየሄደ አንገቱን አያሾልክም።

ይሁን፣ በጉን ለጊዜው እንተወው፤ እኔም ያኔ ትቼው ነበር። እሳቱ ተያያዘ፣ ሽንኩርት መከተፍ ተጀመረ፣ አቶ ተሰማ ለንግግራቸው ውሃ ጠጡ። ወደ ጫልቱ ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ፣ «ነይ፣ ጉሬዛ ላሳይሽ» አልኳት።

«ጉሬዛ! የት አለ?» አሉ ከኋላዬ አቶ ተሰማ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ምን ልበላችሁ። ሽንኩርት የሚከትፈው ቢላዋውን እንደያዘ ተነሳ። የባዮሎጂ አስተማሪው ስለ ጉሬዛ አመጋገብ ማብራሪያ እየሰጠ ተከተለ። የስፖርት አስተማሪው በሩጫ ቀደመን። ጫልቱን ለብቻዬ ልወስድበት ባሰብኩት የእግር መንገድ ላይ ትምህርት ቤታችን በሙሉ በሰልፍ ሄደ፤ ፊሽካ ብቻ ነው የቀረን። ትልቁ ዝግባዬ ጋ ስንደርስ ከጀርባው ቀድመው የቆሙ መምህራን ነበሩ። ጉሬዛዎቹም ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ከላይ ሆነው አዩን፤ ማን ማንን ሊጎበኝ እንደመጣ ግራ የገባቸው ይመስለኛል።

እውነቱን ለመናገር ግን አገሩ ውብ ነበር። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ከዛፉ ሥር ያለው ሁሉ እርጥብ ነው፤ ጥዱ ይሸታል፤ ፀሐይዋ በቅጠሉ መሃል እየሾለከች ጫልቱ ነጠላ ላይ ታርፋለች። እንዲህ ያለ ቀን ዳግመኛ አይገኝም አልኩና ሆዴ ባባ። ሰኞ ደግሞ እየመጣ ነው።

ወደ ሰፈራችን ስንመለስ ወይራው አለ፤ ገመዱም አለ፤ ቋጠሮዬም እንዳማረበት አለ። ቦቃው የለም።

ሰው ሁሉ እኔን አየ። እኔ ገመዱን አየሁ።

አሁን ችግሩ ገባችሁ? ሁለት በግ ሲኖር በጎቹ ሃይማኖት ነበራቸው፤ አንድ ሲቀር ግን የቀረው የማን ነው? አቶ ተሰማ ከሁሉ ቀድመው ደግነታቸውን አሳዩ።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ይሄ የእናንተ ይሁን። እርስዎ ይረዱት፤ እኛ ዳቦና አምቦ ውሃ ይበቃናል።»

«ወላሂ አይሆንም!» አሉ ጋሽ ሸምሱ። «እንግዳዋ ጫልቱ የእናንተ ናት። በሽኝቷ ቀን እሷ ዳቦ ስትገምጥ እኛ ሥጋ ልንበላ? ነውር ነው! እናንተ እረዱት፤ እኛ ሽሮ እንሠራለን።»

«ሽሮ አላመጣንም እኮ።»

«እንግዲያው ሽንኩርቱን እንበላለን!»

«በሞቴ፣ ጋሽ ሸምሱ!»

«እኔ ልሙት፣ አቶ ተሰማ!»

በዚያች ሣር ላይ ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንዱ ከሌላው ቀድሞ ሊሞት ይሟገታሉ። ቢላዋው ከጋሽ ሸምሱ እጅ ወደ አቶ ተሰማ፣ ከአቶ ተሰማ ወደ ጋሽ ሸምሱ ይመላለሳል። ወገኖቻቸውም ከኋላ ሆነው ያግዛሉ፤ ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ። ሽንኩርቱ ድስቱ ውስጥ ያራል። ክርክሩ እስከ ማታ ቢቀጥል ደስ የሚለው በጉ ብቻ ነበር፤ ተኝቶ ያመሰኳል።

«ተዉ፣ ተዉ!» አልኩ። «ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ እኔው ፈልጌ አመጣዋለሁ።»

«ብቻህን አትችልም፤ አብሬህ ልሂድ» አለች ጫልቱ ነጠላዋን እያጣፋች።

ወገኖቼ፣ ይህን ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ። ያን ሁሉ ኮሚቴ ያሰበሰብኩት፣ ያን ሁሉ ሰው ያስጫንኩት ለዚህች ቃል ነው። «አብሬህ ልሂድ።» እኔስ ምን አልኩ?

«ኧረ በጭራሽ! አንቺ እንግዳ ነሽ፤ ተቀመጪ!»

አፌ ነው እንጂ እኔ አላልኩም። ከአፌ እንደወጣ ልመልሰው ፈልጌ ነበር፤ አቶ ተሰማ ግን «ይህ ነው ጨዋነት!» ብለው ትከሻዬን መቱኝ። እያዘንኩ ደኑ ውስጥ ገባሁ።

ደን ውስጥ ያልገባ ሰው ደን ማለት የዛፍ ብዛት ይመስለዋል። የሳማ ብዛት ነው። ቤልቦተም ደግሞ ለሳማና ለእሾህ የተሰፋ ሱሪ ነው፤ ያን ሁሉ ስፋት ይዘው ሲያልፉ የማይዝዎት ቁጥቋጦ የለም። አንዱን ስፈታ ሌላው ይይዘኛል። ክራቫቴ ሐረግ ላይ ተጠምጥሞ ሊያንቀኝ ሲል እዚያው ትቼው ሄድኩ። «ቦቃ! ቦቃ!» እያልኩ ጮህኩ፤ በግ በስሙ ሲጠራ አቤት እንደማይል የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ፀሐይዋን አይቼ አቅጣጫ ለማወቅ ቀና ስል ጉም መጣና ፀሐይዋን ሸፈናት። ሰሜን ወዴት እንደሆነ ጠፋኝ። ተማሪዎቼን ሰሜን ጠፍቷቸው ቀጥቼ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ እነሱ ቢያዩኝ ምን ይውጠኝ ነበር!

እንዲህ ስል እግሬ እርጥብ ቅጠል ረገጠና በጀርባዬ ተንሸራትቼ አንድ ሸለቆ ውስጥ ዱብ አልኩ። ከሥር ቀጭን ምንጭ ይፈሳል። ከምንጩ ማዶ ቀይ በግ ሣር ይግጣል።

ጮቤ ረገጥኩ። ሮጬ አንገቱን አቀፍኩት፤ ሊስመኝ የፈለገ መሰለኝ እንጂ ሊያመልጠኝ እየታገለ ነበር። ግንባሩን አላየሁ፣ ሌላውንም አላየሁ። ቀይ ነው፣ በግ ነው፣ በቃ! ቀበቶዬን ፈታሁና አንገቱ ላይ አስሬ፣ በአንድ እጄ ቀበቶውን፣ በሌላው የሚወርደውን ሱሪዬን ይዤ ቆምኩ።

ያኔ ነው ስዘገይባቸው ሊፈልጉኝ የወጡትን ሰዎች ጥሪ ከላይ የሰማሁት። መጀመሪያ «ቲቸር! ቲቸር!» ብለው ጮኹ፤ ደኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቲቸር ስለሆነ ከየአቅጣጫው «አቤት!» ተባለ። ቀጥሎ፣ «ጂኦግራፊ! ጂኦግራፊ የት ነህ?» ማለት ጀመሩ። ከዚያ ሌሎቹ ዝም አሉና የጫልቱ ድምፅ ብቻ መጣ።

«ጂኦግራፊ! ተጎድተሃል እንዴ?» ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለኔ ነው የሚንቀጠቀጠው? ለኔ ነው!

«ደኅና ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «በጉን አግኝቼዋለሁ!»

«እና ውጣ እንጂ! ጉም እየወረደ ነው!»

አታየኝም፤ አላያትም። በመካከላችን ጉምና ዛፍ ነው። ከፊቷ ቆሜ አንድ ዓመት ሙሉ ይተሳሰርብኝ የነበረው ምላሴ በዚያች ቅጽበት ተፈታ። ሰው ሲጠፋ ይደፍራል መሰለኝ።

«ጫልቱ!»

«ወይ!»

«ካቺሲ ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር!»

«ምን?»

«እወድሻለሁ! ላገባሽ እፈልጋለሁ!»

የጭልሞ ተራራ ይህን ቃል ተቀበለና ለማዶው ተራራ ነገረው፤ ማዶው ደግሞ ለኔ መለሰልኝ፤ «...ጋለሁ ...ለሁ...» እያለ። ሹክ ልላት ዛፍ ያፈላለግኩለትን ነገር አገር ሁሉ ሰማ። ምነው ምንጩ ባሰጠመኝ አልኩ፤ ምንጩ ግን ቁርጭምጭሚት አይደርስም።

«ጓድ!» የሚል የአቶ ተሰማ ድምፅ ከላይ መጣ። «መልእክትህ ደርሷል!»

ሳቅ ተንጫጫ። ከሳቁ በኋላ የጫልቱ ድምፅ መጣ፤ ረጋ ብሎ፣ ክፍል ውስጥ ተማሪ እንደምታዝበት ዓይነት፦

«መጀመሪያ በጉን ይዘህ ውጣ!»

እሺም አይደል፣ እንቢም አይደል። ያን ዳገት በምን ጉልበት እንደወጣሁት አላውቅም። በጉ ይጎትተኛል፣ እጎትተዋለሁ፤ ሱሪዬ ይወርዳል፣ አነሳዋለሁ። ከኋላዬ የሆነ ሰው በኦሮምኛ ይጮሃል፤ እረኞች ይሆናሉ ብዬ ጆሮ አልሰጠሁትም። የወጥ ሽታ ሲሸተኝ፣ የተቃጠለም ቢሆን፣ ሰፈራችን እንደደረስኩ አወቅሁ። ደረቴን ነፍቼ ከዛፎቹ መካከል ወጣሁ።

«ይኸውላችሁ!» አልኩ።

ማንም አላጨበጨበም። ጫልቱ ቆማ እኔን አየች፣ በጉን አየች፣ ቀበቶውን አየች። ከዚያ በጣቷ ወደ ወይራው አመለከተች። ወይራው ሥር ሁለት በጎች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ አንዱ ቀይ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። እኔ ዳገቱን ስወጣ ጓደኛው ሲጮህ ሰምቶ በራሱ እግር ተመልሶ ኖሯል።

«የጠፋው ሙክት ነው» አለች ጫልቱ ቀስ ብላ። «ይቺ እናት በግ ናት። የምታጠባ ናት።»

የባዮሎጂ አስተማሪው ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ነቅንቆ አረጋገጠ።

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ይሻለኛል ስል፣ ከኋላዬ ይጮኹ የነበሩት ሰውዬ ደረሱ። ሽማግሌ ናቸው፤ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ዱላቸውን ጨብጠዋል። ኦቦ ፈይሳ ይባላሉ፤ ከደኑ ጥግ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ቀጥ ብለው ሄደው የበጓ ጀርባ ላይ እጃቸውን ጫኑና፣

«ካን ኮቲ!» አሉ።

«የኔ ናት ነው የሚሉት» አሉ ጋሽ ሸምሱ፤ እንዳይነግሩኝ የፈለጉ ይመስል።

ሰውዬው ቁጣቸው ተራ ቁጣ አልነበረም። ግልገሉ ቤት ውስጥ ተዘግቶ እየጮኸ ነው። በዚያ ላይ በዚያ ሰሞን ሌባ የጎረቤታቸውን በጎች ወስዷል። እና አሁን አንድ ክራቫት የሌለው፣ ሱሪው የተቀደደ፣ ፊቱ በሳማ ያበጠ ሰው በገዛ ቀበቶው አስሮ በጋቸውን ሲጎትት በዓይናቸው አይተዋል። ወደ ገበሬ ማኅበር ይዘውኝ ሊሄዱ ነው። ጋሽ ሸምሱ በሚያውቁት ኦሮምኛ ለመኗቸው፤ አልሰሙም። ዱላቸውን ወደኔ ቀስረው ሕዝቡን ጠየቁ።

«ናምቺ ኩን ካን ኤኙቲ?»

«ይሄ ሰው የማን ነው? እያሉ ነው» አሉ ጋሽ ሸምሱ። «የሚቆምለት ይኑር ማለታቸው ነው።»

አቶ ተሰማ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጥተው፣ «የመንግሥት ሠራተኛ ነው» ሲሉ ንግግር ጀመሩ። ኦቦ ፈይሳ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ መንግሥት ሩቅ ነው። ጋሽ ሸምሱ «ደንበኛዬ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው» አሉ። ኦቦ ፈይሳ አሁንም ነቀነቁ፤ ደንበኛ የሁሉም ነው። እኔ ቀበቶዬን ከበጓ አንገት እየፈታሁ አንገቴን ደፋሁ። ሰኞ ጫልቱ መኪናዋ ላይ ስትወጣ እኔ የገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነኝ ማለት ነው።

ያኔ የጫልቱ ጫማ ሣሩን ሲረግጥ ሰማሁ። መጥታ ከጎኔ ቆመች። «አካም ጂርቱ፣ ኦቦ» ብላ በአክብሮት ዝቅ አለች። ከዚያ እጇን፣ ልክ ሰውዬው በጓ ላይ እንደጫኑት አድርጋ፣ ክንዴ ላይ ጫነችና፣

«ካን ኮቲ» አለች።

ኦሮምኛዬ ከሰላምታ አያልፍም ነበር። ይቺን ግን ማንም አልተረጎመልኝም፤ አላስፈለገኝም። ከኋላ አንዲት መምህርት እልልታዋን ለቀቀችው። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ሳማው ነው ብዬ በእጅጌዬ ጠረግኩት፤ እጅጌው ላይም ሳማ ነበረበት።

ኦቦ ፈይሳ ዱላቸውን አወረዱ። ከእግሬ እስከ አፍሮዬ አዩኝ፤ የሚንጠለጠለውን ሱሪዬን አዩ፤ ጫልቱን አዩ። ከዚያ የሆነ ነገር አሏትና በረጅሙ ሳቁ። ጫልቱም ያን ሳቋን ሳቀች፤ እዚያው ጎኔ ሆና።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው አሉ።»

ከዚያ በኋላ የነበረው ቀን ምን ያህል እንዳማረ አልነግራችሁም፤ ትቀኑብኛላችሁ። ቦቃው በአቶ ተሰማ ወገን፣ ጓደኛው በጋሽ ሸምሱ እጅ ታረዱ፤ ሁለት እሳት ጎን ለጎን ነደደ። ኦቦ ፈይሳ በጓን ለግልገሏ አድርሰው ተመለሱና ከመካከላችን ተቀመጡ። ሁለቱም ወገን ጉርሻ ይዞ በሞቴ ሲላቸው ዋለ። አቶ ተሰማ ንግግር ሊያደርጉ ተነስተው፣ «ዛሬ የሚነገረው ሁሉ ተነግሯል» ብለው ተቀመጡ። በሕይወታቸው ያደረጉት ምርጥ ንግግር እሱ ነው።

ሰኞ ጠዋት የካቺሲው ጭነት መኪና ጋ ሁላችንም ወጣን። የጫልቱን ሻንጣ ላስር ገመዱን ሳነሳ፣ መኪናው ላይ ያለው ሰው ሁሉ «አንተ ተው!» ብሎ ጮኸብኝ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ጫልቱ ራሷ አሰረችው። መኪናው ሲነሳ ከላይ ጎንበስ ብላ፣

«ሽማግሌ ጌዶ ላክ» አለችኝ። «በግ ግን እንዳታስይዛቸው፤ አባቴ በግ ያውቃል!»

ሽማግሌዎቹን እዚያው ቆሜ መረጥኩ። አቶ ተሰማ አንደኛው፣ ጋሽ ሸምሱ ሁለተኛው። ሦስተኛውን ለመለመን ጭልሞ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ ያን ቀን ሰሜን አልጠፋኝም። ኦቦ ፈይሳ ሰምተውኝ ጋቢያቸውን አንስተው ወጡ። ጌዶ ደርሰው የጫልቱ አባት «ስለ ልጁ ምን ታውቃላችሁ?» ብለው ሲጠይቁ፣ አቶ ተሰማ ገና ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ሳለ ቀድመው የመለሱት ኦቦ ፈይሳ ናቸው።

«ልጁ ሌባ አይደለም» አሉ። «በግ አያውቅም እንጂ። ልጅዎ ግን ታውቃለች፤ ለሁለቱም ይበቃቸዋል።»